ሚዛኔ ያላወቀው ቁራጭ

ከመዝገቤ፤ ቡታጅራ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2005

ከቸሃ የመጣውን ቃጫ ተረከብኩ። ግማሹ እርጥብ ስለነበር መለስኩት። ከሰዓት በኋላ ከቻይና ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ ዘመዳችን ሸረፋ ጭነቱን ይዞ ገባና ከሙዝደሊፋ የተላከ ደብዳቤ ሰጠኝ።

ሙዝደሊፋ የአጎቴ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ አባቴ አምጥቶ እኛ ቤት አሳደገው። አባቴን «አጎቴ» ማለት ሲገባው «አባባ» ይለዋል። አሁን ሀርቢን በምትባል ብርዳም የቻይና ከተማ ይማራል። ስልክ እያለ ወረቀት የሚጽፈው አባቴ ስላዘዘው ነው፤ አባቴ ማንበብ አይችልም፣ ግን አጥፎ ኪሱ የማይከተውን ወሬ አያምንም። አንባቢው እኔ ነኝ። የንግድ ደብዳቤዎቼን እንደማደርገው የእሱንም የእኔንም እዚሁ እገለብጣለሁ።

ሀርቢን፣ መስከረም 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለታላቄና ለመከታዬ ለወንድም ጋሼ ሸምሶ። አላህ ጤናህን፣ ልጆችህንና የሱቅህን ደጃፍ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ከአሁኑ ጀምሯል።

የአባባ ጉልበት እንዴት ነው? ክረምቱ አልጠናበትም? የላክሁትን ማሰሪያ ማታ ማታ ያስረዋል? ይህን አደራህን ጠይቅልኝ።

ምን እንደምሠራ ደጋግማችሁ ስትጠይቁኝ ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ ዛሬ ልሞክር። ከሰል ውስጥ ያለው ነገር ካርቦን ይባላል። እሱን በልዩ መንገድ ሲያሳድጉት ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ይሆናል፤ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ። ናኖቲዩብ እንለዋለን። ቱቦዎቹን ውሃ ውስጥ እንበትናቸዋለን። እርስ በርስ መጣበቅ ስለሚወዱ በድምፅ የሚያርገበግብ መሣሪያ እንነክርባቸዋለን። ትንሽ ማያያዣ ሲጨመርበት እንደ ቀጭን ገንፎ ይረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ውሃውን ማውጣት፣ ቤቱን ሳያፈርሱ። ዝም ብሎ ቢደርቅ ውሃው ሲወጣ ግድግዳዎቹን ስቦ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ በረዶ እናደርገውና አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ በረዶው ውሃ ሳይሆን ተን ሆኖ ይወጣል። የሚቀረው መረቡ ብቻ ነው፤ ከሺው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ አየር የሆነ ጥቁር ነገር። ኤሮጄል ይባላል።

ፎቶው ላይ ያለው እሱ ነው። የተቀመጠው በሣር ጫፍ ላይ ነው። ሣሩ አልጎበጠም።

ወንድምህ ሙዝደሊፋ

ከመዝገቤ፤ ጥቅምት 23

ለአባቴ አነበብኩለት። የጉልበቱን ነገር ዘለልኩት። ለምን እንደዘለልኩት አውቃለሁ፤ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

«ስለ ጉልበቴ ምንም አላለም?» አለኝ።

«ሥራ በዝቶበታል።»

ፎቶውን ተቀብሎኝ ኮቱ ኪስ ከተተው። ጁምዓ ዕለት ከመስጊድ ስንወጣ እያወጣ ለሰው ሁሉ አሳየ። «እዩት፣ ሣሩ አልጎበጠም!» ይላል።

«ማሻአላህ! ልጅህ ነው?» አሉት።

«ልጄ ነው።»

እኔ አጠገቡ ጫማውን ይዤ ቆሜያለሁ። ድሮ ለእንግዳ የሚያሳየው የእኔን መጋዘን ነበር።

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ።

ለወንድሜ ለሙዝደሊፋ። ጤናህ ይብዛ፣ እውቀትህ ይስፋ። ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ነው። መልሴ የዘገየው ወልቂጤ ጭነት ስለነበረኝ ነው።

ደብዳቤህ ተነቧል፣ ፎቶህ ከተማውን ዞሯል። ሰው ግን ይጠይቀኛል። እኔ ቃጫ ስሸጥ ገመድ ሠሪው ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል፤ ቆጮ ስሸጥ የሚበላ አለ። የአንተ ዕቃ ለምንድን ነው የሚሆነው? ማን ይወስደዋል? በኪሎ ነው የሚሸጠው? ፎቶ ላይ ማንኛውም ነገር ቀላል ይመስላል። በእጄ ያልያዝኩትን ዕቃ አላደንቅም፤ ጸባዬን ታውቃለህ።

የአረቅጧ አክስታችን ሀያቱ ሰላም ብላሃለች። «ብርድ ከሆነ የሚፈልገው እኛ ጋ ምን አጣ?» ብላለች።

ሸምሶ አብዶ

ከመዝገቤ፤ ታኅሣሥ 12

እንደ ሌሎቹ የዘመድ ልጆች ገንዘብ ላክልኝ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምንም አይጠይቅም።

ሀርቢን፣ ጥር 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለወንድም ጋሼ። የአላህ ሰላም በቤትህ ላይ ይውረድ፤ ለአባባ ረጅም ዕድሜን ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ጉልበቱን ሐኪም አየው? በደብዳቤህ አልነገርከኝም።

በኪሎ ነው ወይ ላልከው፦ አንድ ኪሎ ለመሙላት ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሳጥን ሙሉ ያስፈልጋል። አንተ ያንን ሳጥን በቃጫ ብትሞላው ስንት ሰው እንደሚያነሳው አስበው፤ ይህንን ልጅህ በሁለት ጣቷ ይዛው ትሮጣለች። ዘይት የፈሰሰበት ውሃ ላይ ስታስቀምጠው ውሃውን ትቶ ዘይቱን ብቻ ይጠጣል፤ የራሱን ክብደት መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስትጫነው ይታጠፋል፣ ስትለቀው ይነሳል።

በእጅህ ካልያዝክ እንደማታደንቅ ስለማውቅ በሸረፋ እጅ ትንሽ ሣጥን ልኬያለሁ። የታሸገ ነው፤ አባባ ራሱ ይክፈተው።

ወንድምህ ሙዝደሊፋ

(በሌላ ወረቀት፣ «ለሸምሶ ብቻ» ተብሎ)

ይህን አባባ እንዳይሰማ። ትናንሾቹን ቁርጥራጮች መሥራት ችያለሁ። ትልቅ ስሠራ ግን ይፈርሳል፤ በረዶ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅ መሀሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ስጫነው እንደ ጥላሸት ይበተናል። በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ማያያዣውን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፤ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ፕሮፌሰሩ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሰጥቶኛል። የጡብ ያህል የሆነ፣ ተጭኖ የሚነሳ አንድ ቁራጭ ካላሳየሁት ከሥራው ያስወጣኛል፤ ከሥራው ከወጣሁ ደግሞ የትምህርት ዕድሉ ያበቃል፣ እመለሳለሁ። ለማን ልንገር ብዬ አንተ መጣህብኝ።

ከመዝገቤ፤ የካቲት 19

ሸረፋ ሣጥኑን ሰጠኝ። «አጎቴ፣ ባዶ ነው እንዴ? አውሮፕላን ላይ የክብሪት ያህል እንኳን አልከበደኝም» ብሎ ሳቀ።

ሱቁን ዘግቼ ማሸጊያውን በምላጭ ከፈትኩ። የጣት አንጓ የምታህል ጥቁር ቁራጭ ናት። ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ሚዛኔ ምንም አላለም። አስራ አምስት ዓመት ያልዋሸኝ ሚዛን ነው። ሚዛኔን ያላነቃነቀች ነገር አባቴን እንዴት እንደምታነቃንቀው አሰብኩ።

በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ሆን ብዬ ጠንከር አድርጌ። ጠፍጣፋ ሆነች። እጄን ሳነሳ ማንም እንዳልነካት ሆና ተነሳች።

አውራ ጣቴ ይህን ነገር ያውቀዋል። አንድ ጊዜ፣ አረቅጥ፣ በብርድ ጠዋት ነክቶታል። የ2000ን መዝገብ አውጥቼ ገጹን አገኘሁት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሙዝደሊፋ ችግር ምን እንደሆነ ገባኝ።

መዝገቡን መልሼ የገንዘብ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። የሣጥኗን ማሸጊያ በሙጫ መልሼ ለጠፍኩ። ለአባቴ አደረስኩለት፤ ከፈታት፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ካነበብኩለት ሌላ ደብዳቤ ነበር ወይ አለኝ። የለም አልኩት።

ከመዝገቤ፤ መጋቢት 25

አልጻፍኩም። አባቴ «መልስ ላክህለት?» ሲለኝ «ልኬያለሁ» እላለሁ። በንግድ ዓለም ዕቃ ደብቄ ዋጋ እስኪወጣ ጠብቄ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ዋጋ አይወጣለትም።

ከመዝገቤ፤ ሚያዝያ 22

አክስቴ ሀያቱ ከአረቅጥ ቡላና ቆጮ ይዛ መጣች። አባቴ ቤት ተቀምጠን ነበር። አባቴ ጥቁሯን ቁራጭ መዳፉ ላይ አድርጎ ያሳያታል።

«ይቺን ነው አምስት ዓመት የተማረላት?» አለች ሀያቱ። «ያኔ ውርጭ የነካው ቡላዬም እንዲህ ቅልል ብሎ ነበር። ይሄ ልጅህ ግን በሚዛን አይቶ መለሰብኝ!»

«ገዢ የለውማ፣ አክስቴ» አልኩ። ሌላ ነገር እንዳትናገር ፈጥኜ ቆጮዋን ማድነቅ ጀመርኩ።

አባቴ ቁራጯን ሣጥኗ ውስጥ መለሰና፣ «አንዳንዴ ምን እላለሁ መሰላችሁ? ምነው ሳይሳካለት ቀርቶ በመጣልኝ እላለሁ።»

«ኧረ ዱዓህን አስተካክል አብዶ! እንዲህ ተብሎ ይለመናል?»

«ምን ላድርግ! ከክፍሌ ጎን አንድ ክፍል እቀጥልለት ነበር። ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ያነብልኝ ነበር። ሸምሶ እንደሁ ሥራ አለበት፤ ሲያነብልኝም ይቸኩላል።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። እኔ አሰላሁ። ተሳክቶለት ሩቅ ከሆነ ደብዳቤና ፎቶ ነው፤ ደብዳቤውን የማነበው እኔ ነኝ። ወድቆ ከተመለሰ ግን አባቴ ያዝንለታል፤ ከጎኑ ክፍል ይቀጥልለታል፤ በየማዕዱ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። የወደቀ ልጅ ከተሳካለት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ሙዝደሊፋ መመለስ የለበትም። መዝገቡን ከቆለፍኩበት አወጣሁ።

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ።

ለወንድሜ ለሙዝደሊፋ። አላህ ያሰብከውን ያሳካልህ። ስለ መዘግየቴ ይቅር በለኝ፤ የቃጫው ወቅት ነበር። ሣጥኗ በደህና ደርሳለች።

አሁን የምነግርህን እንደ ነጋዴ ወሬ ውሰደው። በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቡላ ልገዛ አረቅጥ ሄጄ ነበር። ሀያቱ ያልደረቀ ቡላ ደጅ አሳድራ ውርጭ መታባት። አንዱን በእንጨት ገበታ፣ ሳይከደን፣ ነበር ያሳደረችው። ሌላውን በቆርቆሮ ላይ ዘርግታ ጎኑንም ላዩንም በኮባ ጠቅልላዋለች። ሁለቱም በረዶ ሆነው በነፋሱ ደረቁ። የገበታው ስነካው ፍርፋሪ ሆነ። የቆርቆሮው ግን ከሥር ወደ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ቅጠሎች ሠርቶ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ተጭኜው ተመልሶ ተነሳ። ያኔ ሁለቱንም አልወሰድኩም፤ ያየሁትን ግን ጻፍኩ፣ ሣልኩም።

የገበታው ብርድ ከአራቱም ማዕዘን ገባ፣ መሀል ላይ ተጋጨ። የቆርቆሮው ብርድ በአንድ በር ብቻ፣ ከሥር ገባ። አንተ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ አስገባዋለሁ ብለሃል፤ ያ የሀያቱ ገበታ ነው። ቆርቆሮውን ሞክር።

ሥዕሉን መገልበጥ ስላልቻልኩ ገጹን ቆርጬ ልኬልሃለሁ። ከመዝገቤ ገጽ ስቆርጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለመመለስ አትቸኩል። አባባ ደህና ነው።

ሸምሶ አብዶ

ከመዝገቤ፤ ሐምሌ 30

ሰኔ አለቀ። ሐምሌም አለቀ። ሸረፋ ከቻይና ያለ ደብዳቤ ተመለሰ። «ሥራ ላይ ነው፣ ብዙ አላወራኝም። ስለ አንተ ጠየቀኝ፤ ስለ አባባ ጉልበትም ጠየቀኝ» አለኝ።

«ምን አልከው?»

«አባባ 'ልጄ ስለ ጉልበቴ አንድም ቀን አልጠየቀኝም' ብሎ እንዳማረረ ነገርኩት።»

ሀርቢን፣ ነሐሴ 26 ቀን 2005 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለወንድም ጋሼ ሸምሶ። አላህ በጎ ሥራህን ይቁጠርልህ፣ የቀረውን ይሸፍንልህ።

ሠራ። የፕላስቲኩን ዕቃ ጣልኩ። ጄሉን በመዳብ ሳህን ላይ አደረግሁ፣ ጎኑንና ላዩን በፎም ጠቀለልኩ፣ ሳህኑን ብቻ ከሥር አቀዘቀዝኩ። በረዶው እንደ ደንገል ቀጥ ብሎ አደገ። ሲደርቅ ጡብ የሚያህል ቁራጭ ወጣ፣ ስንጥቅ የሌለበት። ግማሽ ቁመቱ ድረስ መቶ ጊዜ ተጫንነው፣ መቶ ጊዜ ተነሳ። ሽቦ አገናኝተን አምፖል አበራንበት፤ ሲጫኑት ቱቦዎቹ ይቀራረባሉና አምፖሉ ይደምቃል፣ ሲለቁት ይደበዝዛል። ፕሮፌሰሩ አይቶ፣ «ይህ መንገድ በሌላ ነገር ላይ የታወቀ ነው። እስካሁን ለምን አልሞከርከውም?» አለኝ። «አክስቴን ሳልሰማ ቀርቼ ነው» አልኩት። ሥራዬ ላይ ቀርቻለሁ። ይህ የሆነው በሰኔ ነው።

ለምን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም? ወንድም ጋሼ፣ የቆረጥከው ገጽ ጀርባ አለው።

«ኅዳር 9 ቀን 2000። ሙዝደሊፋ ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆመ። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ለንግድ መርካቶ ስሄድ ከአልጋው ሳይነሳ 'በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል' ነበር ያለኝ። ይህ ልጅ ቤታችን ባይመጣ ኖሮ» ይላል። እዚያ ላይ ገጹ ያልቃል። የቀረውን ሁለት ወር ሙሉ እኔ ስጨርሰው ከረምኩ።

አሁን የእኔን ስማ። አባባ አንተን ይቆጣ ነበር፣ ይመታህም ነበር። እኔን አንድ ቀን መትቶኝ አያውቅም። ማሰሮ ሰብሬ እንኳን «ተወው፣ ምንም አይደል» ይለኝ ነበር። እንደ ሰው አደራ ነበር የሚይዘኝ። አንተ ተመትተህ ስታለቅስ እኔ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ እቀናብህ ነበር። «በሩን ዝጋው» የሚባለው የቤቱ ልጅ ነው። እኔን እንግዳ ስለሆንኩ ሸኘኝ።

የጉልበቱን ነገር በየደብዳቤው ጠይቄያለሁ። ታውቃለህ።

ፕሮፌሰሩ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ለአረፋ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ገጽህን መልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለአባባ ብታነብለትም ባታነብለትም እንዳልጠየቅሁህ ቁጠረው።

ሙዝደሊፋ

ቡታጅራ፣ መስከረም 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለወንድሜ ለሙዝደሊፋ። መንገድህን አላህ ያቅናልህ።

ደብዳቤህ በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ፣ አነበብኩለት። ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ፣ ምንም ሳልዘል። ከዚያ የቆዩትን ደብዳቤዎች አምጥቼ የጉልበቱን ነገር እያንዳንዱን አነበብኩለት። «ለሸምሶ ብቻ» ያልከውንም አነበብኩ፤ ይቅር በለኝ። ሣጥንህንም ቀድሜ ከፍቼ ሚዛን ላይ እንዳወጣሁት ነገርኩት። በመጨረሻ ያችን ገጽ አነበብኩ። የመከርኩህ ለአንተ አስቤ እንዳልነበረ፣ እንዳትመለስ ብዬ እንደነበረ ነገርኩት። አንተም እወቀው።

አባባ ቁራጯን ከሣጥኗ አውጥቶ ይጫናል፣ ይለቃል።

«ስንት መዘነች?» አለኝ።

«ምንም።»

ቁራጯን መልሶ ሣጥኗን ከደነ። ከዚያ፣ «ብርድ ነበር፣ ሸምሶ» አለ። «ያን ዕለት ጠዋት እውነትም ብርድ ነበር።» ወደ ክፍሉ ገባ። አንተ ብትሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። አልዋሽህም፤ አሁንም አስባለሁ። እኔ እንደ ዕቃህ ተጭኜ ወዲያው የምነሳ ሰው አይደለሁም። ለአረፋ ስትመጣ ከአባባ በስተቀኝ እኔ ነኝ የምቀመጠው፤ በስተግራ ያለው የአንተ ነው።

ግን ይህንን ልንገርህና ላብቃ። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ልሄድ ጫማዬን ሳስር አባባ ኮቱን ለብሶ፣ የላክህለትን ማሰሪያ ጉልበቱ ላይ አስሮ ከክፍሉ ወጣ። ምርኩዙን ይዞ በሩን አልፎ፣ አጥሩን አልፎ፣ አስፋልቱ ዳር ድረስ ከእኔ ጋር መጣ። ባጃጅ ቆመችልኝ፤ ገባሁ። እሱ እዚያው ቆመ።

መታጠፊያው ላይ ዞሬ አየሁ። አሁንም ቆሟል። የባጃጁ ሹፌርም በመስታወቱ አየው።

«ጋሼ፣ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው እንዴ?» አለኝ።

«እስከ ገበያ» አልኩት።

ሸምሶ አብዶ